ቆርቆሮ ከፍቶ መጥመቅም ጥመቃ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከለንደን ነው። ጋዜጣችሁ እጄ የሚገባው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ነው፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢያልፈውም ከዳር እስከ ዳር አነበዋለሁ። ሰሞኑን ስለ ጠላ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። በጣም ወደድኩት። ጌሾው፣ የወይራው ጢስ፣ ጋኑ፣ ሁሉም ልክ ነው። መጨረሻው ላይ ግን ጸሐፊው ውጭ አገር ያለነውን ነካ አድርገውናል። ቆርቆሮ ከፍቶ ውሃ መጨመር ጥመቃ አይባልም ነው ነገሩ። እኔ ቆርቆሮ ከፍተው ከሚጠምቁት አንዷ ነኝ። ስታውት የሚባለውን ጥቁር ቢራ ቤቴ እጠምቃለሁ፣ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ስለዚህ መልስ አለኝ።

መጀመሪያ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ገብስ ነው። ገብሱ በቅሎ፣ ደርቆ፣ ተከክቶ፣ በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ ጣፋጩ ወጥቷል። ከዚያ ሆፕስ ከሚባለው፣ ለቢራ የጌሾን ሥራ ከሚሠራው አበባ ጋር ፈልቷል። ውሃው እንዲተን ተደርጎ እንደ ማር ወፍሯል። ብዙ ጊዜ 1.7 ኪሎ ነው፣ ክዳኑ ሥር የደረቅ እርሾ የያዘች ትንሽ ከረጢት አለች፣ በውሃ ሲበረዝ እስከ 23 ሊትር ይወጣዋል። ፋብሪካው የሠራው እስከዚህ ነው። ማብላላቱ፣ መጠበቁ፣ ከአተላው መለየቱ፣ ጠርሙስ ውስጥ ማሳደሩ የእኔ ሥራ ነው።

እናቴ ደብረ ብርሃን ስትጠምቅ ብቅሉን ሁልጊዜ ራሷ አታበቅልም ነበር። ሥራ ሲበዛባት ከገበያ ትገዛለች። ጌሾውም ተወቅጦ የሚመጣበት ጊዜ ነበር። ታዲያ ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ ሲጠጣ «ብቅሉን ገዝተሽዋልና ጠላው ያንቺ አይደለም» ያላት ሰው አላየሁም። የጠላ ሙያ የሚለየው ከጥንስሱ በኋላ ባለው ነገር ነው። ስታውቱም እንደዚያው ነው።

ለምን ስታውት? አገር ቤት እያለሁ የሐረሩን ሐኪም ስታውት ቀምሼ ነበር። ያ የተቆላ ነገር ምሬቱ ከአፌ አልጠፋም። እዚህ ስመጣ ደግሞ የጥቁር ቢራ አገር ውስጥ ነው የወደቅኩት። በ18ኛው መቶ ዘመን ፖርተር የሚባለው ጥቁር ቢራ የተነሣው ለንደን ውስጥ ነው፤ ስሙን ያገኘው አዘውትረው ይጠጡት ከነበሩት የከተማና የወንዝ ወደብ ሸክም ተሸካሚዎች ነው። ጠንከር ያለውን «ስታውት ፖርተር» ይሉት ነበር፣ ጠንካራው ፖርተር ማለት ነው። ሲቆይ «ፖርተር» የሚለው ወደቀና ስታውት ብቻ ቀረ። በፈረንጆቹ 1817 ዳንኤል ዊለር የሚባል ሰው ብቅልን በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ እስኪጠቁር የመቁላት ዘዴውን በፈጠራ መብት አስመዘገበ። ቡና መቁያ ማሽን አይታችሁ ከሆነ ሐሳቡ ያው ነው። ከዚያ ወዲህ ጥቂት ጥቁር ብቅል ብዙ ቢራ ማጥቆር ቻለች። አየርላንዶች ደግሞ ኋላ ላይ ያልበቀለ ገብስ እየቆሉ ይጨምሩበት ጀመር። የዛሬው የአየርላንድ ስታውት ጣዕም በአብዛኛው ከዚያ ነው የሚመጣው።

ያልበቀለ ገብስ፣ የተቆላ። እኛ ይህንን አሻሮ እንለዋለን! የእኛው አሻሮ ቀላ ያለ ነው፣ የእነሱ እስኪጠቁር ይቆላል፣ ልዩነቱ ይኸው ነው። ይህንን የገባኝ ቀን ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። የእናቴ ቤት ሽታ ነበር።

አሁን አሠራሬን ልንገራችሁ፣ ጸሐፊው «ውሃ መጨመር» ያሉት ምን ያህል ሥራ እንዳለው ያዩታል። ከመጥመቄ አንድ ሳምንት በፊት 250 ግራም ያህል ገብስ ምጣድ ላይ እቆላለሁ። መስኮት ከፍቼ ነው፣ ጭሱ ከባድ ነው። እጄ አያርፍም፣ አንዴ ከቆምኩ ግማሹ ያርራል ግማሹ ጥሬ ይቀራል። የሚፈለገው በደንብ የተቆላ ቡና መልክ ነው፣ ከሰል ከሆነ ቢራው የአመድ ጣዕም ይይዛል። አንድ ፍሬ ነክሼ አያለሁ። ከዚያ በወረቀት ከረጢት አድርጌ አስቀምጠዋለሁ፤ ትኩሱን ከተጠቀማችሁበት ጉሮሮ የሚቧጥጥ የቃጠሎ ሽታ ስላለው ሳምንት ማረፍ አለበት። የሚጠመቅበት ቀን በሙቀጫ ከካ ከካ አደርገዋለሁ። ዱቄት እንዳይሆን ተጠንቀቁ፣ ለማጥለል ያስቸግራል። ሁለት ሊትር ያልፈላ ግን በጣም የሞቀ ውሃ፣ 65 እስከ 70 ዲግሪ፣ ውስጥ ግማሽ ሰዓት እዘፈዝፈዋለሁ። በነጭ ጨርቅ አጠልለውና ውሃውን ብቻ 15 ደቂቃ አፈላዋለሁ። ያ ጥቁር ውሃ ነው ባልዲው ውስጥ ከቆርቆሮው ማር ጋር የሚገናኘው።

ሁለተኛው ነገር ስኳር ነው። ብዙዎቹ ቆርቆሮዎች መመሪያቸው ላይ አንድ ኪሎ ስኳር ጨምሩ ይላል። አትጨምሩ! ስኳርን እርሾው ሙሉ በሙሉ በልቶ ወደ አልኮል ይቀይረዋል፣ ለአፍ የሚተርፍ ነገር አይኖርም፣ ቢራው ቅራሪ ይሆናል። «የቆርቆሮ ቢራ ውሃ ውሃ ይላል» የሚባለው ስም በአብዛኛው የመጣው ከዚህ ነው፣ ጥፋቱ የቆርቆሮው አይደለም። በስኳሩ ፋንታ አንድ ኪሎ የብቅል ዱቄት እጨምራለሁ፣ ያው የብቅል ማር ሆኖ የደረቀው ነው፣ የጥመቃ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አላቸው። ውሃውንም 23 ሊትር ሳላደርስ 21 ላይ አቆማለሁ። ያን ጊዜ የጣፋጩን መጠን የሚለካው ሃይድሮሜትር 1.044 አካባቢ ያነባል። ሲያልቅ 1.012 አካባቢ ይደርሳል፣ አልኮሉ ወደ 4.2 በመቶ ይሆናል። ከብዙ የመጠጥ ቤት ስታውት ጋር እኩል ነው።

ስለ ሃይድሮሜትር ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ያለ እሱ ጠምቄ ዋጋ ከፍያለሁ። ከመስታወት የተሠራች፣ ፈሳሽ ላይ የምትንሳፈፍ መለኪያ ናት። ጣፋጩ ሲበዛ ከፍ ትላለች፣ እርሾው ሲበላው ትሰምጣለች። የመጀመሪያ ጊዜ ከቆርቆሮው ጋር የመጣው ወረቀት በስድስት ቀን ጠርሙስ ውስጥ ይገባል ስላለ አመንኩት። ክረምት ነበር። ሌሊት ማሞቂያው ሲጠፋ ወጥ ቤቱ ይበርዳል፣ እርሾውም ብርድ ሲሰማው ይተኛል። አየር ማስወጫው ላይ ያለው አረፋ ስለቆመ አለቀ ብዬ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጥኩት። አላለቀም ነበር። ጠርሙሶቹን የቦይለሩ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ሙቀት ያለበት ቦታ አስቀመጥኳቸው። እርሾው እዚያ ነቃ። በአሥረኛው ቀን ሌሊት ሁለቱ ፈነዱ። የመስታወቱ ስባሪ የሣጥኑ በር ላይ ተሰክቶ አገኘሁት። ልጄ በቀን ያንን በር ትከፍተዋለች። እስካሁን ሳስበው ልቤ ይርዳል።

ስለዚህ ቀን አትቁጠሩ፣ መለኪያዋን እዩ። ቁጥሩ ሦስት ቀን ሙሉ ካልተነቃነቀ አልቋል ማለት ነው። እኔ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አልነካውም። ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ለግማሽ ሊትር ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ለጥ ያለ፣ ከዚያ አይለፍ። ያቺ ስኳር ናት አረፋውን የምትሰጠው። ስስ ጠርሙስ አትጠቀሙ፣ ቀድሞ ቢራ የነበረበት ወፍራም ጠርሙስ ይሁን፣ ቆርኪውም አዲስ ይሁን።

ሙቀቱን በተመለከተ መፍትሔዬ ጋቢ ነው። ባልዲውን መሬት ላይ ሳይሆን ሰሌን ላይ አስቀምጬ በድሮ ጋቢ እጠቀልለዋለሁ። እርሾ 18 እስከ 20 ዲግሪ ላይ ደስ ብሎት ይሠራል። ማሞቂያው ሥር ማስጠጋት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ ከ25 ዲግሪ ካለፈ ቢራው የሙዝ ወይም የቀለም ማቅጠኛ ሽታ ያመጣል፣ ራስም ያዞራል።

ንጽሕናን የምናውቀው ስለሆነ አላበዛም። እናቴ ጋኗን በግራዋ አሽታ፣ አጥባ፣ በወይራ ታጥናለች። ሁለት የተለያየ ሥራ ነው፣ ግራዋው ቆሻሻውን ያነሣል፣ ጢሱ የተረፈውን ጀርም ይገድላል። የፕላስቲክ ባልዲም እንደዚያው ሁለቱንም ይፈልጋል፣ መጀመሪያ መታጠብ፣ ቀጥሎ በጀርም ማጥፊያው ዱቄት መዘፍዘፍ። አንዱን ብቻ ያደረገ ሰው ቢራው ኮምጣጤ ይሆንበታል። ባልዲውን በሻካራ ነገር አትፈትጉት፣ ጭረቱ ውስጥ ጀርም ይደበቃል።

ከጠርሙስ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። ሁለት ሳምንት ሞቅ ባለ ቦታ፣ ከዚያ ቢያንስ አንድ ወር ቀዝቀዝ ባለ ቦታ። በሁለተኛው ሳምንት ከከፈታችሁት ገና ጉሽ ነው፣ የተቆላው ለብቻው ይናከሳል። በሁለተኛው ወር ምሬቱ ይለዝባል፣ የቡናና የጥቁር ቸኮሌት ዓይነት ጣዕም ይመጣል። ለእንቁጣጣሽ የማቀርበውን በሰኔ እጠምቃለሁ። ስትቀዱ የመጨረሻዋን ጣት ጠርሙሱ ውስጥ ተዉዋት፣ አተላ ናት።

ለጾም የምታስቡ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። ሚልክ ስታውት የሚባል ዓይነት አለ። ስሙ እንዲሁ አይደለም፣ የወተት ስኳር በእርግጥ ይገባበታል፣ የቢራ እርሾ ያንን ስኳር መብላት ስለማይችል ጣፋጭነቱ ይቀራል። ጾም ላይ አይሆንም። ቆርቆሮውን ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ።

ሕጉንም ላንሣ። እንግሊዝ ውስጥ ቤት ለመጥመቅ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1880 ጀምሮ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፣ በ1963 ቀረ። ለራስና ለእንግዳ መጥመቅ ዛሬ ይቻላል፣ መሸጥ ግን ያለ ፈቃድ ወንጀል ነው። አሜሪካ ደግሞ ፕሬዝዳንት ካርተር በፈረንጆቹ ጥቅምት 1978 በፈረሙት ሕግ ሁለት አዋቂ ያለበት ቤት በዓመት 200 ጋሎን፣ ማለትም 757 ሊትር ያህል፣ ያለ ቀረጥ መጥመቅ ተፈቅዶለታል። ሳውዲና ኩዌት ያላችሁ እህቶቼ፣ እናንተ ይህንን ደብዳቤ አንብባችሁ ብቻ እለፉት፤ እዚያ ቅጣቱ ከባድ ነው፣ ለማንም ሰው ብላችሁ አትሞክሩት።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። የቆርቆሮውን ስታውት ከዜሮ ተነሥቼ መማር የቻልኩት ለምንድን ነው? ተጽፎ ስላገኘሁት ነው። ስንት ግራም፣ ስንት ዲግሪ፣ ስንት ቀን፣ ሁሉም ወረቀት ላይ አለ። ወረቀቱ ሲሳሳት እንኳ የት ጋ እንደተሳሳተ ማወቅ ይቻላል። የእናቴን ጠላ ግን ስጠይቃት «እፍኝ»፣ «ዓይንሽ እያየ»፣ «ሲሸትሽ ታውቂዋለሽ» ነበር መልሷ። እሷ አጠገቧ ቆሞ ለሚያይ ሰው ይህ በቂ ነበር። እኔ ግን 12 ዓመት ሙሉ አጠገቧ አልነበርኩም፣ አሁን እሷም የለችም። ልጄ ደግሞ ጋን አይታ አታውቅም። ስታውቱን ከእኔ ጋር ጠርሙስ ውስጥ ትሞላለች፣ ቆርኪውን የምትገጥመው እሷ ናት። ጠላን ልታውቀው የምትችለው ተጽፎ ካገኘችው ብቻ ነው።

ጋዜጣችሁ ስለ ጠላ ድጋሚ ከጻፈ እባካችሁ ጠማቂዎቹን እናቶች ሚዛን ይዛችሁ ሄዳችሁ ጠይቁልን። የጎጃሟንም፣ የጎንደሯንም፣ የሸዋዋንም። ጌሾው ስንት ግራም ነው? ከስንት ሊትር ውሃ ጋር? ጥንስሱ በስንተኛው ቀን ብቅል ይገባበታል? አሻሮው ምን ያህል ይቆላል፣ መልኩን በፎቶ አሳዩን። እፍኛቸውን ሚዛን ላይ አድርጉት። ቴርሞሜትርም አይቅር። ሚዛኑን ከፈለጋችሁ እኔ እዚህ ገዝቼ በሚመጣ ሰው እልካለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንባቢያችሁ ከለንደን