ርቀትን ከካርታው ጎን ለኪ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ እናትሽም ሰላምታዋን ልካለች። የላክሽልኝን የፈተና ወረቀት ፎቶ ደጋግሜ ተመለከትሁት። ነጥቡ እምብዛም አላስጨነቀኝም፤ እንቅልፍ የነሣኝ ከፎቶው ሥር «ለማንኛውም መርከቡ ላይ ጂፒኤስ ያሰላዋል» ብለሽ የጻፍሽው ነው።

ጥያቄው ከ40 ዲግሪ ሰሜን፣ 20 ዲግሪ ምዕራብ ተነሥቶ ወደ 42 ዲግሪ ሰሜን፣ 24 ዲግሪ ምዕራብ የሚሄድ መርከብ ስንት የባሕር ማይል እንደሚጓዝ ነበር። አንዱ ዲግሪ 60 ደቂቃ ነውና፣ የኬክሮሱ ልዩነት 2 ዲግሪ ስለሆነ 120 ደቂቃ፣ ስለዚህም 120 ማይል ብለሻል፤ ትክክል ነው። የኬንትሮሱን 4 ዲግሪም በዚያው ስልት 240 ደቂቃ፣ ስለዚህ 240 ማይል ብለሽ 268 ማይል ላይ ደረስሽ፤ ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። የኬክሮስ አንድ ደቂቃ የትም ብትሆኚ አንድ ማይል ያህል ነው። 1,852 ሜትር የሆነው የባሕር ማይልም የወጣው ከዚሁ ነው፤ ምድር ዋልታዎቿ ላይ ጠፍጠፍ ያለች በመሆኗ የሚመጣው ልዩነት ለዚህ ዓይነት ስሌት የሚቆጠር አይደለም። ኬንትሮሶች ግን በምድር ወገብ ላይ ተራርቀው ይጀምሩና ወደ ዋልታው በሄዱ ቁጥር እየተጠጋጉ በመጨረሻ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። በዚህም ምክንያት የኬንትሮስ አንድ ደቂቃ በ60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ግማሽ ማይል ብቻ ይሆናል።

እንግዲህ 240ውን በአማካዩ ኬክሮስ፣ በ41 ዲግሪ ኮሳይን፣ በ0.755 ስታባዢው 181 ማይል ይወጣል። ከዚያ በፓይታጎረስ ከ120ው ጋር ስታዋህጂው ርቀቱ 217 ማይል ነው። በሁለቱ መልሶች መካከል 51 ማይል አለ፤ ይህም በሰዓት 12 ማይል ለሚሄድ መርከብ ከ4 ሰዓት በላይ ነው። ጎሕ ሲቀድ እደርስበታለሁ ያልሽው የባሕር ዳርቻ ገና በድቅድቅ ጨለማ ከፊትሽ ይደቀናል ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ አሳስብሻለሁ፤ በባሕር ካርታ ላይ ርቀትን ከጎን እንጂ ከላይ ወይም ከታች አትለኪ። የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ የኬንትሮስ ነው፤ ለማይል አይሆንም። ጎኑ ላይም ቢሆን ደቂቃዎቹ ወደ ዋልታው እየረዘሙ ስለሚሄዱ፣ ዲቫይደሩን፣ ያንን ሁለት ሹል እግር ያለውን የርቀት መለኪያ፣ ጉዞሽ ካለበት ከፍታ ትይዩ አሳርፊው። ይህ ካርታ ሠሪው መርካቶር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1569 ካወጣው የካርታ አሠራር ጋር አብሮ የመጣ ጠባይ ነው፤ አቅጣጫን በቀጥታ መስመር እንድታሰምሪ ያስችልሻል፣ በምላሹ ግን ርቀትን ይለጥጥብሻል።

እስኪ አሁን ደግሞ ካልኩሌተርሽን አውጪና የ60ን ኮሳይን ጠይቂው። 0.5 ካላለሽ በራዲያን፣ በሌላው የማዕዘን መለኪያ፣ ላይ ተቀምጧልና ወደ ዲግሪ መልሺው። ለካርታ ሥራም ለስላሳ እርሳስ ያዢ፤ ደረቁ ወረቀቱን ይቧጭራል፣ ሲጠፋም ምልክት ይተዋል።

ሁለተኛ ዓመትሽ ላይ በካሊፎርኒያ ዳርቻ ሆንዳ ፖይንት ላይ ስለደረሰው አደጋ ሳይነግሯችሁ አይቀሩም፤ እኔ ግን በራሴ መንገድ ልንገርሽ። በመስከረም 8 ቀን 1923 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ 14 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ዲስትሮየሮች፣ ፈጣን የጦር መርከቦች፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ሳን ዲዬጎ በ20 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 20 የባሕር ማይል፣ ይገሠግሡ ነበር። መሪዋ መርከብ ዴልፊ ቦታዋን የምታውቀው ከፍጥነት፣ ከአቅጣጫና ካለፈው ሰዓት ተነሥታ በማስላት ነበር። በዳርቻው የነበረው የሬዲዮ ጣቢያ የሰጣቸው አቅጣጫ ገና ወደ ሰሜን እንደቀሩ ያመለክት ነበር፤ ሬዲዮው ግን በዚያ ዘመን አዲስ ነገር ነበርና በወረቀታቸው ላይ ያለውን ቁጥር መረጡ። ውኃው ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ለመለካት ፍጥነት መቀነስ ያስፈልግ ነበር፤ እሱንም አላደረጉትም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ የሳንታ ባርባራ ሰርጥ መግቢያ ላይ ደርሰናል ብለው ወደ ምሥራቅ ታጠፉ። በደቂቃዎች ውስጥ ዴልፊ በጉም ከተሸፈነው ዐለት ጋር ተላተመች፤ ሌሎቹም መሪያቸውን ተከትለው ገቡ። 7 መርከቦች ጠፉ፣ 23 ሰዎችም ሞቱ። የቡድኑ አዛዥ ካፒቴን ዋትሰን ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ኃላፊነቱን ወሰደ። ይህን ታሪክ ባነሣሁ ቁጥር የማስበው ከኋላ ስለነበሩት መርከቦች ነው፤ በዚያ ጨለማ ውስጥ የራሱን ስሌት ሠርቶ የተጠራጠረ አንድ ወጣት መኮንን በየመርከቡ አይጠፋም ነበር።

ጂፒኤሱን አልንቀውም። ነገር ግን መድረሻውን የምታስገቢለት አንቺ ነሽ። 35 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ማለት 35.5 ነው፤ አንዳንዱ ሰው ግን 35.30 ብሎ ይጽፈዋል፣ እሱም 35 ዲግሪ ከ18 ደቂቃ ነው። በኬክሮስ ከሆነ 12 ማይል ተሳሳተ ማለት ነው፤ መሣሪያውም አይቃወመውም፣ የተነገረውን ይፈጽማል። ይህን የሚይዝልሽ ካርታው ላይ በዲቫይደር የለካሽው ርቀት ነው፤ እሱንም ከጎን ከለካሽው ብቻ ነው። ሰለቸሽ? ይሰልችሽ።

የኔ ልጅ፣ ቁጥር መቁጠር ስትጀምሪ እኔ ባሕር ላይ ነበርሁ። ስለ ማባዛት ሰንጠረዥሽ የሰማሁት በእናትሽ ደብዳቤ ነው፤ አሁንም ትምህርት የምሰጥሽ በደብዳቤ መሆኑ ይቆጨኛል። አጠገብሽ ብሆን ኖሮ ሉሉን አዙሬ ባሳየሁሽና በ60 ዲግሪ ሰሜን ላይ ፊት ለፊት ባሉ ሁለት ነጥቦች መካከል በኬክሮሱ ዙሪያ መሄድ 5,400 ማይል ሲሆን፣ በዋልታው ላይ ማቋረጥ 3,600 ብቻ መሆኑን በክር ለክተሽ በገረመሽ ነበር። ከልጅነትሽ ጀምሮ በእጅሽ ያልነካሽውን ነገር አታምኚም፤ ይህ ጠባይሽ ለዚህ ሥራ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ዓይንሽንም ተመርመሪ። ፎቶው ላይ ቁጥሮቹን አግዝፈሽ እንደጻፍሽ አይቻለሁ።

በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ይህን ሠርተሽ ላኪልኝ፤ ከ35 ዲግሪ 20 ደቂቃ ደቡብ፣ 178 ዲግሪ 30 ደቂቃ ምሥራቅ ተነሥተሽ ወደ 33 ዲግሪ ደቡብ፣ 177 ዲግሪ 50 ደቂቃ ምዕራብ ሂጂ። ኬንትሮሶቹን ስትደምሪ 356 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ታገኛለሽ፤ በዚያ ቁጥር ዓለምን ልትዞሪ አትነሺ፣ ከ360 ቀንሺው። መጀመሪያ በስሌት፣ ቀጥሎ በካርታ ሥሪው፤ በካርታው ግን ከጎን። ሁለቱ ካልተስማሙ የትኛው እንደተሳሳተ ሳታውቂ አትላኪልኝ፤ ከተስማሙም የሠራሽበትን ወረቀት ሳትገለብጪ፣ ስርዝ ድልዙም ሳይቀር፣ እንዳለ ላኪው።

አባትሽ