ምስክሩንስ ማን ይጠይቀው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ለመንግስት ሰራተኛ አውቆ ውሸት የሚያስመዘግብ ሰው ይቀጣ አይቀጣ እያለ ሰው ሲከራከር እሰማለሁ፣ ሕጉ እኮ ድሮም አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ንጹህ መሆኑን እያወቀ ሰው ላይ የሚጠቁመውን በአንቀጽ 447፣ በሐሰት የሚመሰክረውን ደግሞ በአንቀጽ 453 ይይዘዋል። የጠፋው ጠያቂ ነው።

እዚህ ጅማ ሰፈራችን ውስጥ እናትየው አረፉ፣ ሴት ልጃቸው አረብ አገር ናት፣ ቤቱ የታደሰውም በሷ ብር እንደሆነ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ወንድሟ ታዲያ ሁለት ምስክር ይዞ ሄደና ከእኔ ሌላ ልጅ የላቸውም አለ፣ እነሱም አዎ እሱ ብቻ ነው ብለው ማሉለት፣ የወራሽነት ማስረጃ ወጣ፣ ቤቱም በስሙ ዞረ። አንደኛው ምስክር እኮ ልጅቷ ስትሄድ ሻንጣዋን መናኸሪያ ድረስ ያደረሰላት ሰው ነው! ይሄን ስህተት ነው ብሎ ማን ያምነዋል?

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች እኩል ነው የሚወርሱት፣ ማስረጃውንም ማሰረዝ ይቻላል። ግን ውርሱ እንደተያዘባት ካወቀች በኋላ ያላት ጊዜ 3 ዓመት ነው፣ እስከዛ ስራዋን ጥላ መምጣት፣ ካልሆነ ውክልና ልካ ጠበቃ መያዝ አለባት፣ ቤቱ ቀድሞ ከተሸጠማ ጣጣው ሌላ ነው። እንደምንም አሰርዛው ብታሸንፍ እንኳን ፋይሉ እዛው ይዘጋል፣ እነዛ ሁለት ሰዎች ቡናቸውን እየጠጡ ይቀመጣሉ። እኔ እስከማውቀው በኛ ሰፈር በዚህ ነገር የተከሰሰ ምስክር የለም።

አንዳንዱ ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ መታወቂያ ስለመጣ ማጭበርበር ቀረ ይላል። አሻራና አይን ተወስዶ አንድ ሰው አንዴ ብቻ መመዝገቡ ጥሩ ነው፣ ሁለት መታወቂያ መያዝን ያስቀራል። ግን አሻራዬ እህት እንዳለኝና እንደሌለኝ አይናገርም፣ ላጤ ልሁን ባለትዳር ልሁንም አያውቅም። እሱን የሚያውቀው ሰው ነው፣ ስለዚህ ዞሮ ዞሮ ምስክሩ ጋ ነው የምንመጣው።

በሌላ በኩል ግን ቅጣት ቅጣት ሲባል አንድ ነገር ያሰጋኛል። ጉቦ ጠየቀኝ ብሎ የሚያመለክት ሰው ማረጋገጥ ካልቻለ "በሐሰት ጥቆማ ትጠየቃለህ" እያሉ የሚያስፈራሩ ኃላፊዎች አሉ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማስረጃ ማጣትና መዋሸት ምን አገናኛቸው? 447 የሚለው ንጹህ መሆኑን እያወቀ ነው። በአንቀጽ 59ም በቸልተኝነት የሚፈጸም ነገር የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲያስቀምጠው ብቻ ነው፣ የጎረቤቱን ልጅ የልደት ዓመት አሳስተው የተናገሩ ሽማግሌ ወንጀለኛ አይደሉም። ጠቋሚን ለመጠበቅ ብሎ የወጣ አዋጅም አለ፣ 699/2003፣ እሱንስ በየቢሮው ስንቱ ሰው ያውቀዋል?

እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ምስክር ከመፈረሙ በፊት ብትዋሽ እስር አለው ተብሎ በአማርኛም በኦሮምኛም ይነገረው፣ ፎርሙ ላይ በደቃቁ ተጽፎ ሳይሆን በአፍ። ፍርድ ቤትም የወራሽነት ማስረጃ በሐሰት ምስክር ወጥቷል ብሎ ሲሰርዝ የምስክሮቹን ቃል ኮፒ አድርጎ በዛው ቀን ለአቃቤ ሕግ ይላክልን። ልጅቷ ለሁለተኛ ክስ ደግሞ ከአረብ አገር ትመላለስ እንዴ?

የጅማ ነዋሪ፣ ከሂርማታ