ጨዋማ ረግረጎች ወደ የብስ የሚያፈገፍጉበትን መሬት ስለማቀድ

ክቡራን አባላት፣

በሚቀጥለው የዕቅድ ውይይታችን የምንመክረው ጨዋማ ረግረጎችን (የባሕር ሙላት በየጊዜው የሚያጥለቀልቃቸውን ሣራማ የባሕር ዳርቻ መሬቶች) ባሉበት ስለማቆየት ብቻ ሳይሆን ወደ የብስ የሚያፈገፍጉበትን መሬት ከወዲሁ ስለማዘጋጀትም በመሆኑ፣ ከታች ያሉትን ነጥቦች አስቀድማችሁ እንድታስቡባቸው በአክብሮት እንጠይቃለን።

ረግረግ የባሕር ሙላት የሚያመጣውን ደለል በሣሮቹ መካከል እያስቀረ፣ የሥሮቹንም ብስባሽ እያከለ ከፍታውን ይጨምራል። ይሁንና ከ2006 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. የዓለም የባሕር ጠለል በዓመት በአማካይ 3.7 ሚሊሜትር ከፍ ያለ ሲሆን፣ ደለል በሚያንስበት ቦታ ረግረጉ ይህን ፍጥነት መከተል ይሳነዋል። ያን ጊዜ ያለው አማራጭ ወደ ኋላ መሸሽ ነው፤ ከኋላው የመከላከያ ግንብ ወይም የመንገድ ሙሌት ካለ ግን በባሕሩና በዚህ መሰናክል መካከል እየጠበበ ይጠፋል።

ስለዚህ በካርታ ሥራው ቅድሚያ የሚሰጠው ለመሬቱ ተዳፋትነት ነው። በ100 ሜትር ርቀት 1 ሜትር ብቻ ከፍ በሚል ሜዳ ላይ የ10 ሳንቲሜትር የባሕር ጠለል ጭማሪ የውሃውን ጠርዝ 10 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ረግረጉ ወደ የብስ መግባት የመጀመሩ ምልክት በመስክም ይታያል፦ ትልልቆቹ ዛፎች ገና ቆመው ሳሉ ከሥራቸው አዲስ ችግኝ መብቀል ያቆማል፣ ጨው የሚችል ሣርም በመካከላቸው ይገባል። ወራሪ ሸምበቆ ቦታውን ቀድሞ እንዳይዘው መከታተል የሚያስፈልገውም በዚሁ ወቅት ነው።

በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚከብደው የባለይዞታዎች ጉዳይ ነው። ማሳው በጨው ተበላሽቶ ምርት ከመንጠፉ በፊት ስለ ካሳና ስለ ፈቃደኝነት ስምምነት መነጋገር ይገባል።

ከመንገድ ሥር ያሉ፣ የባሕሩን ውሃ በነፃነት የማያሳልፉ ጠባብ ቱቦዎች የምታውቁ አባላት ቦታቸውን ከውይይቱ በፊት እንድታሳውቁን እንጠይቃለን።