እማዬ፣ ሐኪሙ አልገፋሽም

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ?

ሰላም ሁሉንም ነገረችኝ። ሐኪሙ «የአልማዝ ባለጭራ ክትባቱን ፋርማሲ ሄደሽ ውሰጂ» ስላለሽ ተቀይመሻል አሉ። «አርጅቻለሁና ገፋኝ፤ ሻምፖ በሚሸጥበት ቤት ነው የምወጋው?» ብለሻልም። ሳቄ መጣ። ግን እኔም እንጀራዬን የማገኘው ከዚሁ ሻምፖ ከሚሸጥበት ቤት ስለሆነ፣ በስልክ ከምንጨቃጨቅ ልጻፍልሽ ብዬ ነው።

ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ሜዲኬር፣ ያ የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን፣ ለክትባት የሚከፍለው ከሁለት ኪስ ነው። የፍሉ፣ የሳንባ ምችና የኮቪድ ክትባት በፓርት ቢ፣ በሕክምናው ክፍል፣ ይሸፈናል፤ ሐኪሙም ፋርማሲውም ሊሰጡሽ ይችላሉ። የአልማዝ ባለጭራው ግን የሚከፈለው በፓርት ዲ፣ በመድኃኒት ካርድሽ ነው። ብዙ ክሊኒኮች በዚያ ካርድ ማስከፈል አይችሉም። እዚያው ቢወጋሽ ኖሮ መጀመሪያ ከኪስሽ ከፍለሽ፣ ከዚያ ተመላሽ ፍለጋ ስትባዝኚ ነበር። ፋርማሲ ከሄድሽ ግን፣ ከፈረንጆቹ 2023 መግቢያ ጀምሮ፣ አንድ ሳንቲም አትከፍይም። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሌት ተቀን ታክሲ ነድቶ ያቆየልሽ መብት ነው። ተጠቀሚበት እንጂ!

«መድኃኒት ሻጭ መርፌ ማን አስተማረው?» እንደምትዪም አውቃለሁ። ተምረናል እማዬ። ሥልጠናው ላይ መውጋት ብቻ ሳይሆን፣ ሰው ራሱን ቢስት ወይም አለርጂ ቢነሳበት ምን እንደምናደርግም ተምረናል። ለከባድ አለርጂ የሚወጋው መድኃኒት፣ ኤፒኔፍሪን፣ ከአጠገባችን አይጠፋም። ከተወጋሽ በኋላ 15 ደቂቃ ቁጭ በይ የሚሉሽም ለዚህ ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ ይቀመጣል፤ ሙቀቱንም በየቀኑ እንመዘግባለን። ከፈረንጆቹ 2009 ወዲህ በ50ውም ስቴት ፋርማሲስት የፍሉ ክትባት መስጠት ይችላል።

ደሞስ አንቺን ማን ነበር የከተበሽ? ክንድሽ ላይ ያለውን የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ ስጠይቅሽ፣ «አንድ ጎረምሳ በእግሩ መጥቶ ዛፍ ሥር አሰልፎን» ብለሽ ያወራሽኝ ራስሽ ነሽ። ያ ልጅ ሐኪም ነበር? ሐኪም ቢጠበቅማ ኖሮ ማን ይደርስላችሁ ነበር! እንደሱ ያሉት ናቸው ገደል ወርደው፣ ዳገት ወጥተው ፈንጣጣን ያሳደዱት። በአገራችን የመጨረሻው በሽተኛ የተገኘው ነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። ዛሬም በየቀበሌው ሕፃናትን የሚከትቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው።

ቦታው ይመቻል ብዬ ግን አልዋሽሽም። ስልክ ይጮኻል፣ ሰልፍ አለ፣ አንዳንዴ ፋርማሲስቷ ብቻዋን ናት። ከሰዓት በኋላ በተለይ እንጣደፋለን። ስለዚህ ሰላም የጠዋት ቀጠሮ ትያዝልሽ። እጅጌው በቀላሉ የሚጠቀለል ልብስ ልበሺ፤ የሚወጉሽ ትከሻሽ ሥር ነው። የደም ማቅጠኛ እንደምትወስጂ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ከተወጋሽ በኋላ ቦታውን ሳታሺ ለ2 ደቂቃ ያህል ጥብቅ አድርገሽ ያዢው። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ አስተርጓሚ በስልክ እንዲያገናኙሽ ጠይቂ፤ ነፃ ነው፣ አትፈሪ።

በሽታውን እንደሆነ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። እትዬ ዘነበች ቁስሉ ከዳነ በኋላ እንኳን ነጠላ ሲነካቸው ስንት ወር እንዳቃሰቱ አይተሻል። በልጅነት ጉድፍ የያዘው ሰው ሁሉ ቫይረሱ ነርቩ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ዕድሜ ሲገፋ አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ሊነሳ ይችላል። ክትባቱ ከ50 ዓመት በላይ ላለ ሰው ነው፤ ካንቺ ዕድሜ በላይ ባሉትም ላይ በደንብ ይሠራል።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ በኋላ «አልነገርከኝም» እንዳትዪ። ይሄኛው ክትባት ኃይለኛ ነው። ክንድሽን ያምሻል፣ ድካምና ትኩሳትም ሊኖርሽ ይችላል። ሁለት ሦስት ቀን ነው፣ ያልፋል። ስለዚህ ለበዓል ዋዜማ እንዳታደርጊው፤ ዶሮ ወጡን ማን ይሠራል? ጾመ ነቢያት ሳይገባ የመጀመሪያውን ውሰጂ። ሁለተኛው ከ2 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ከገና በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ብታደርጊው ይመቻል። የፍሉውን ደግሞ በዚያው ቀን በሌላኛው ክንድሽ መውሰድ ትችያለሽ። ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ጠንከር ያለው ዓይነት አለ፤ እሱን ጠይቂ።

ሁለቱንም ካርዶችሽን፣ የሜዲኬሩንና የመድኃኒቱን፣ ለሰላም ስጫት፤ ሐሙስ ማታ ደውዬ ቀጠሮው መያዙን እጠይቃታለሁ።

ልጅሽ