ማን ውጣ አለው?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በቃሊቲ አካባቢ ባሉ መጋዘኖች በንብረት ክፍል ሠራተኛነት ከዐሥር ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። በዚህ ጊዜ ካየኋቸው አደጋዎች የሚበዙት የደረሱት ሾፌር በፍጥነት ስለነዳ ሳይሆን፣ ፎርክሊፍቱ (ዕቃ በሹካው የሚያነሳው ማሽን) እና ጫኝና አውራጆቹ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ተጋፍተው እንዲሠሩ ስለሚደረግ ነው።

የፎርክሊፍት መሪ የሚያዞረው የኋላውን ጎማ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ወደ ግራ ሲጠመዝዝ የማሽኑ ጀርባ ወደ ቀኝ ይወረወራል፤ ከጎን ቆሞ ጆንያ የሚቆጥር ሰውም «አልፎኛል» ብሎ በተዘናጋበት ቅጽበት ከግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። እስከ 3 ቶን ስለሚያነሳ ባለ 3 ቶን የሚባለው ማሽን፣ ሸክሙ ወደ ፊት እንዳይደፋው ሚዛን የሚጠብቅለት ከባድ ብረት ከኋላው ስላለው፣ ራሱ ባዶውን ከ4 ቶን በላይ ይከብዳል። ይህን የተነገረው የቀን ሠራተኛ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፤ እኔም ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ መሰላል በሌለበት ሁሉ ሰውን በማሽኑ ሹካ ላይ አቁሞ ወደ ክምሩ ጫፍ ማንሳት ነው። ባለፈው ዓመት እኔ በነበርኩበት መጋዘን አንድ ወጣት በዚህ ሁኔታ ወጥቶ ወደቀና ዳሌው ተሰበረ። የኃላፊዎቹ የመጀመሪያ ቃል «ማን ውጣ አለው?» የሚል ነበር። እንዲያነሳው የታዘዘው ሾፌር አጠገባቸው ቆሞ ነበር፤ እንጀራው ነውና ዝም አለ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን በአንቀጽ 96 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ከኃላፊነቱ የሚድነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ ሲሆን፣ እንዲህ ከሚቆጠሩት አንዱ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስ ነው። እንግዲህ በጽሑፍም በቃልም ያልተሰጠ መመሪያ እንዴት ይጣሳል? ብዙ ተጎጂዎች ይህን ጥያቄ ሳያነሡ፣ ለሕክምና በተዋጣላቸው ገንዘብ አመስግነው ወደ አገር ቤት ይመለሳሉ።

የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ ቢሮ ተቀምጠው ፋይል ከማገላበጥ ይልቅ ወደ ወለሉ ወርደው ከጫኞቹ አንዱን ስለ ማሽኑ ምን እንደተነገረው ቢጠይቁት፣ የእግረኛ መስመር መቀባቱን ቢያዩና የማሽኑን ቁልፍ ማን እንደሚይዝ ቢያጣሩ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። በእኛ መጋዘን ቁልፉ ዛሬም በር ላይ ባለው ምስማር ተንጠልጥሎ ይውላል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመጋዘን ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ