ለዘር የምናስቀምጠውን ነጭ ሽንኩርት በተመለከተ

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን ባሶና ወራና ያለውን የመስኖ ማሳዬን ስዞር፣ ቅጠሉ ከታች እስከ ጫፍ ቢጫ መስመር የወጣበት፣ አንዳንዱም የተጨማደደ ነጭ ሽንኩርት አገኘሁ። ነቅዬ ሳየው ሥሩ ጤነኛ ነው፣ ሻጋታም የለበትም። ስለዚህ የምናውቀው ነጭ ብስባሽ አይደለም፤ የቫይረስ ምልክት ነው።

ነጭ ሽንኩርት የሚተከለው ከራሱ ፍሬ ስለሆነ የታመመው ተክል ቫይረሱን ለከርሞው ያወርሳል። ትልልቁን ለገበያ፣ ትንንሹን ለዘር ማድረጋችን ደግሞ ጎድቶናል። ቫይረስ የሽንኩርቱን ራስ ያቀጭጫልና ሳናውቅ በሽተኛውን እየመረጥን ተክለናል። ምርት ሲያንስም «መሬቱ ደከመ» እያልን አልፈናል።

ማሳ ውስጥ ቫይረሱን የሚያዛምተው ክሽክሽ የተባለው የተክል ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ተባይ ነው። ቅጠሉን ወግቶ ቫይረሱን ለማስተላለፍ ሴኮንዶች ይበቁታል፤ የተረጨው መድኃኒት እስኪገድለው ሥራውን ጨርሷል። የታመመውን ተክል የሚፈውስ ርጭትም የለም። እባካችሁ ገንዘባችሁን በዚህ አታፍስሱ።

ተክሉ ለጋ ሳለ በሽተኛውን ነቅላችሁ ከማሳ አርቁ፤ ካለፈው ምርት ቀርቶ በራሱ የበቀለውን ገቦም አትተዉ። ለዘር የሚሆነውን አሁን፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ሳለ፣ ክር አስራችሁ ለዩት፤ ከደረቀ በኋላ ጤነኛውን ከታመመው መለየት አይቻልም። ባሮ ሽንኩርትም ይህ ዓይነት በሽታ ይይዘዋልና ከአጠገቡ አትትከሉ።

እሑድ ስንገናኝ የተጠራጠራችሁትን ተክል ከነሥሩ በፌስታል ቋጥራችሁ አምጡ፤ አብረን እናየዋለን።