እኛንም እነሱንም የሚጠብቀው አንድ ዓረፍተ ነገር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

አሜሪካ በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል ምርጫ በመጣ ቁጥር የሚነሳ ክርክር አለ። “ወግ አጥባቂዎቹን ካልመረጥን የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ሕግ ነገ ቄሶቻችንን አስገድዶ ያስባርካል” ይባላል። ሃይማኖቱን የሚወድ ሰው ይህን ሰምቶ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 2015 በ5 ለ 4 ድምፅ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በመላ አገሪቱ ሲፈቅድ የሰጠው ውሳኔ የሚያዘው መንግሥትን ነው፤ ማለትም የጋብቻ ፈቃድ የሚሰጠውን ክለርክ። ቄስን፣ ፓስተርን ወይም ኢማምን አያዝም። በዲሴምበር 2022 የወጣው የጋብቻ ሕግ ደግሞ ለትርፍ ያልቆሙ የሃይማኖት ተቋማት ለሠርግ ሥነ ሥርዓት አገልግሎትም ሆነ አዳራሽ እንዲሰጡ እንደማይገደዱ፣ እምቢ በማለታቸውም እንደማይከሰሱ በግልጽ ጽፏል። ያን ሕግ 12 ሪፐብሊካን ሴናተሮች ደግፈውታል። በቨርጂኒያም በ2024 ሪፐብሊካኑ ገዥ ግሌን ያንግኪን የፈረሙት ሕግ ክለርኩ በተጋቢዎቹ ፆታ ምክንያት ፈቃድ እንዳይከለክል ያዛል፤ በዚያው ሕግ ውስጥ ካህናት በሃይማኖታቸው ምክንያት ማንኛውንም ጋብቻ ላለመፈጸም መብት አላቸው።

ስጋት መሆን ያለበት ሌላ ነው። የ2022ቱ ሕግ ክፍለ ግዛቶች በሌላ ክፍለ ግዛት የተፈጸመን ጋብቻ እንዲቀበሉ ያስገድዳል እንጂ ራሳቸው ፈቃድ እንዲሰጡ አያስገድድም። የ2015ቱ ውሳኔ ቢሻር፣ ጆርጂያ በ2004፣ ቴክሳስ በ2005፣ ቨርጂኒያ በ2006 በሕገ መንግሥቶቻቸው ውስጥ የከተቷቸው እገዳዎች ከተኙበት ሊነሱ ይችላሉ። ዳላስ የሚኖሩ ጥንዶች ለአንድ ወረቀት ሲሉ ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት መጓዝ ሊኖርባቸው ነው። ይህ ባዶ ማስፈራሪያ አይደለም። ፍርድ ቤቱ ለ49 ዓመታት የቆየውን የውርጃ መብት በጁን 2022 ሲሽር፣ ዳኛ ክላረንስ ቶማስ የ2015ቱም ውሳኔ እንደገና ይታይ ብለው ለብቻቸው ጽፈዋል።

ያ ወረቀት ምን እንደሚሠራ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። የትዳር ጓደኛውን ከአገር ቤት ለማምጣት አይ-130 የሚባለውን ቅጽ ያልሞላ ወይም ሲሞላ ያላየ ማን አለ? እስከ ጁን 2013 ድረስ አሜሪካዊ ዜጋ የተመሳሳይ ፆታ የትዳር ጓደኛውን በዚያ ቅጽ ማምጣት አይችልም ነበር። በሕግ የተጋቡ ቢሆኑም የፌዴራል መንግሥቱ እንደ ባዕድ ነበር የሚቆጥራቸው። እንዲህ ያለውን ጋብቻ የፌዴራል መንግሥቱ እንዳይቀበል ያደረገውን የ1996ቱን ሕግ በፍርድ ቤት ያስቀየረችው የኒው ዮርክ ነዋሪ ኤዲት ዊንዘር የሞተችባትን የትዳር አጋሯን ንብረት ስትወርስ ከ360 ሺህ ዶላር በላይ ግብር ተጠይቃለች። የሞተው ባል ቢሆን ኖሮ አንድ ሳንቲም አትከፍልም ነበር።

አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ግን የ1964ቱን የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። የሥራ አድልዎን የሚከለክለው ክፍል አምስት ነገሮችን ይዘረዝራል፦ ዘር፣ ቀለም፣ ሃይማኖት፣ ፆታ፣ የትውልድ አገር። እኛን የሚጠብቁን ቃላትና ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን የሚጠብቃቸው ቃል በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ናቸው። በጁን 2020 ከጆርጂያ ክሌይተን ካውንቲ በመጣው ጉዳይ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪን ለዚያ ብሎ ማባረር የፆታ አድልዎ ነው ተብሎ በ6 ለ 3 ድምፅ የተላለፈውን ውሳኔ የጻፉት ትራምፕ የሾሟቸው ወግ አጥባቂው ዳኛ ኒል ጎርሰች ናቸው። አመክንዮአቸው ቀላል ነው። ሁለት ሠራተኞች አሉ፤ ሁለቱም ወንድ ይወዳሉ፤ አንዷ ሴት፣ አንዱ ወንድ። አሠሪው ወንዱን ብቻ ካባረረ፣ ከፆታው ሌላ ምን ለያቸው?

ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሂጃብ በመልበሷ ሥራ የተነፈገች ወጣት በዚሁ ሕግ 8 ለ 1 ረትታለች፤ ውሳኔውን የጻፉት ሌላው ወግ አጥባቂ ዳኛ ስካሊያ ነበሩ። በአክሰንቱ ምክንያት እድገት የተከለከለ የእኛ ሰውም የሚከሰው በዚሁ ሕግ ነው፤ አነጋገሩ ሥራውን በእርግጥ ካላደናቀፈ በስተቀር ሊያሸንፍ ይችላል።

“እነሱን ብቻ አውጥተን የኛን እናስቀር” የሚለው ሐሳብ እንደማይሠራ በጃንዋሪ 2025 አይተናል። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1965 ለመንግሥት ኮንትራክተሮች ያወጡት ትእዛዝ በዘር፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር ማዳላትን ይከለክል ነበር፤ ኦባማ በ2014 የፆታ ዝንባሌንና ማንነትን ጨመሩበት። ትራምፕ ሲሽሩት የኦባማን ጭማሪ ብቻ አልቀደዱም፤ ሙሉውን ትእዛዝ ነው የሻሩት። ለፌዴራል ኮንትራክተር የሚሠራ ሐበሻ ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጥበቃ አጥቷል። የቀረለት ዋናው ጥበቃ የ1964ቱ ሕግ ነው፤ እሱን በብዕር መሻር አይቻልም፣ ኮንግረስ ያስፈልጋል።

ወግ አጥባቂነት ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ሬገን በ1978 ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መምህራንን ከካሊፎርኒያ ትምህርት ቤቶች ለማባረር የቀረበውን ሐሳብ በይፋ ተቃውመዋል። በጋለፕ ጥናት በ2021 ከሪፐብሊካኖች 55 በመቶው የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን ደግፈው ነበር፤ በ2025 ወደ 41 በመቶ ወርዷል። ለዚህ ተጠያቂው፣ እንደኔ እምነት፣ ከምርጫ በፊት ፍርሃትን መዝራት ድምፅ እንደሚያመጣ የተማረው የፓርቲው አመራር ነው። በ2004 ምርጫ ቀን 11 ክፍለ ግዛቶች የጋብቻ እገዳን ድምፅ እንዲሰጡበት የቀረበላቸው ቡሽ ለሁለተኛ ዘመን ሲወዳደሩ ነበር። ዛሬ ኢላማው ወደ ትራንስጀንደር ሰዎች ዞሯል።

በአድልዎ ከሥራ የተባረረ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ ጊዜ የለውም። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ካልሆነ በስተቀር፣ ሕጉን ለሚያስከብረው የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን (EEOC) አቤቱታውን በ180 ቀን ውስጥ ማስገባት አለበት፤ የክፍለ ግዛቱ ሕግም አድልዎውን የሚከለክልና ተቋም ያለው ከሆነ እስከ 300 ቀን። ቀኑ የሚቆጠረው የስንብቱ ውሳኔ ከተነገረው ዕለት እንጂ ከመጨረሻው የሥራ ቀን አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። አሠሪው ከ15 ሠራተኛ በታች ካለው የ1964ቱ ሕግ አይደርስበትም፤ ያኔ መታየት ያለበት የክፍለ ግዛቱ ወይም የከተማው ሕግ ነው። የዋሽንግተን ዲሲ የሰብዓዊ መብት ሕግ ለአንድ ሠራተኛ አሠሪም ይሠራል። በአቤቱታ ቅጹ ላይ “ፆታ” እና “የትውልድ አገር” የሚሉት ሳጥኖች በአንድ ገጽ ላይ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ